የማዶው ክፍል መብራት

ጥቅምት 12

ለፈታታው፤

ደህና ነኝ የሚለውን በአንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ስለጻፍከው አንዱን ለራሴ ወስጃለሁ። እኔም ደህና ነኝ። ሦስተኛው ለእናቴ ይበቃታል።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ብለሃል። ስልኩ አለ፤ እናቴም አለች። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ከአልጋ ባትወርድም ጆሮዋን ምንም አልነካውም። ጎረቤት በሹክሹክታ ሲጣላ ማን እንደረታ ትነግርሃለች። በዚህ ቤት ስልክ ይዤ የምሸሸግበት ጥግ የለኝም፤ ወረቀት ግን ድምፅ የለውም። ስጽፍ ስታየኝ የማተሚያ ቤቱን ሥራ የማርም ይመስላታል። ሃያ አንድ ዓመት የሰው ስህተት ሳርም ስለኖርኩ የራሴን እየሠራሁ ነው ብላ አትጠረጥርም።

ከአልጋዋ የሚታያትን ዘርዝሪልኝ ላልከው፦ መስኮቱ አንድ ነው። በመስኮቱ ግቢው ይታያል፤ ከግቢው ማዶ የወንድሜ የትንሹ ክፍል፣ መስኮቱና ቢጫ መጋረጃው። በሩ በጓሮ በኩል ስለሆነ አይታይም። ለምናስበው ነገር ይህ ይጠቅመናል። በእርምጃ ለክቼዋለሁ፤ ሃያ ሁለት ነው።

ወንድሜ አርባ ሊሞላው ሁለት ወር ቀርቶት እስካሁን ትንሹ መባሉ እንደሚያስቅህ ጽፈሃል። ምን ላድርግ፤ ከሄደ ስድስት ዓመት፣ ከደወለ ሁለት ዓመት ሆነው። ያላየነው ሰው አያድግም።

አጀማመሩ እንዲህ ነው። የዛሬ ወር አመሻሹ ላይ መዝገበ ቃላት ፍለጋ ክፍሉ ገብቼ መብራቱን ሳላጠፋ ወጣሁ። ስመለስ እናቴ ትራሷ ላይ ቀና ብላ መስኮቱን ታያለች። «መጣ?» አለችኝ። አንተ ብትሆን ምን ትል ነበር? ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሁለት ማንኪያ በላይ አልቀምስም ያለች ሴት ናት። መጣ አልኳት። የቀረበላትን ጨርሳ ጨምሪልኝ አለች።

እየመጣች የምታያት ነርስ፣ የምግብ ፍላጎቷን የከፈተው ምን እንደሆነ ባላውቅም እንዳታቋርጪው ብላ አዘዘችኝ። ስለዚህ ውሸቱ በሐኪም ቤት የታዘዘ ነው። ችግሩ አሰጣጡ ላይ ነው። መብራቱ ሲበራ አጠገቧ ካልተቀመጥኩ ማን እንዳበራው ትደርስበታለች፤ አጠገቧ ከተቀመጥኩ ደግሞ የሚያበራው የለም። እስካሁን ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ሄድኩ ብዬ ሮጬ አብርቻለሁ። ዕድሜዬ ለዚህ አይሆንም። እኔ ተቀምጬ ሳለሁ ማዶ የሚያበራና የሚያጠፋ እጅ ሠርተህ ላክልኝ። ቤቱ ውስጥ ኢንተርኔት የለም፤ አስገባለሁ ብል የሚገጥሙት ሠራተኞች ምን እንደሚሠራ ለእናቴ ያስረዷታል።

ስለ ሌላው ጉዳይም አደራ። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው አንተ ካለህበት ከተማ ነው። ትልቅ ከተማ መሆኑን ነግረኸኛል። አለ ወይስ የለም፣ ይህችን ብቻ። በዚህ ቤት በአንድ አልጋ ተቃቅፋችሁ ያደጋችሁ ናችሁና ከእኔ ይልቅ አንተ ታገኘዋለህ።

እናቴ ሰላም ብላሃለች። በአሥራ አንድ ዓመትህ የፈታታኸውን ሬዲዮ መቼ ትገጥመው እንደሆነ ትጠይቃለች።

እትዬህ


ኅዳር 3

እትዬ፤

ይህ ደብዳቤ ከጥቅሉ ውስጥ ነው የሚወጣልሽ። ጥቅሉን ስትቀበይ የፖስታ ቤት ሰዎች ምን ይዟል ብለው ከጠየቁሽ የመብራት ዕቃ በያቸው፤ እውነት ነው። እማማ ከጠየቁሽ የመጻሕፍት መደርደሪያ በያቸው።

ውስጡ ሦስት ነገር አለ። አንደኛው ተጠቅልሎ ያለው ጥብጣብ መብራት ነው፤ ለመጠጥ ቤቶችና ለፀጉር ቤቶች የምገጥመው ዓይነት። ጀርባው ይጣበቃል፤ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን ለጥፊው። ሁለተኛው ሪሞቱ ነው። ሦስተኛዋ የክብሪት ቤት የምታህለው ኮምፒውተር ናት። ሁሉ ነገሯ በአንድ ሰሌዳ ላይ ስለሆነ እኛ ሰሌዳ ነው የምንላት። ስክሪን የላትም፣ ቁልፍ የላትም፤ የስልክ ቻርጀር ስትሰኪላት ትነሣለች።

ኮምፒውተር መብራትን እንዴት ያዛል ላልሽው፦ ሽቦ ቁረጪ፣ በይጂ እንዳልልሽ ብዬ መብራቱን አልነካሁትም። ሰሌዳዋ የምትሠራው አንድ ሥራ ሪሞቱን መምሰል ነው። ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የሪሞቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ተጫንኩ፤ እሷ የእያንዳንዱን ብልጭታ አጠናች። ሰዓቱ ሲደርስ ያንኑ ትደግመዋለች። ብልጭታው ኢንፍራሬድ ስለሆነ ለዓይን አይታይም። ተኝታ ይሆን ብለሽ ከጠረጠርሽ የስልክሽን ካሜራ ደቅኚባት፤ ስትናገር ሐምራዊ ነጥብ ታያለሽ።

ልብ በይ። በእሷና በመብራቱ ዓይን መካከል ምንም ነገር አይቁም። ደግሞም እሷ ትናገራለች እንጂ አትሰማም። አብሪ የሚለውን ትልካለች፤ በራ አልበራ ግን መልስ አይመጣላትም። «ተልኳል» ብላ መዝግባ ትቀመጣለች። በዚህ ጠባይዋ የእናንተን ቤት ቶሎ ትለምዳለች።

ሚሞሪ ካርዷ ላይ የአንድ ወር ኑሮ ጽፌያለሁ። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይገባል፤ ሞቅ ያለ ነጭ። አንድ ተኩል ላይ ሰማያዊ እየደመቀ እየፈዘዘ፣ ቴሌቪዥን እያየ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ ይተኛል። በየወሩ አዲስ ካርድ በፖስታ እልክልሻለሁ፤ ሰው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አይኖርም።

ስለ ሌላው ጉዳይ እየጠየቅሁ ነው። የት የት እንደጠየቅህ ጻፍልኝ ብለሻል። ባየሁት ሰው ሁሉ ዘንድ። ሬዲዮውን እገጥመዋለሁ በያቸው።

ፈታታው


ኅዳር 28

ለፈታታው፤

የመጀመሪያው ማታ እንዴት ነበር ብለሃል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ማታዎች አልነበሩም። ሰሌዳህን ሌባ እንዳያያት ከመጻሕፍቱ ጀርባ ሸሽጌያት ነበር፤ እሷ ለመጻሕፍቱ ጀርባ ስታዝ ቆየች። እናቴ ሁለቱንም ማታ በጨለማው መስኮት ላይ ዓይኗን ተክላ ሳትበላ አደረች። ሥራ በዝቶበት ነው አልኳት።

በሦስተኛው ማታ አስተካከልኳትና መጥቼ ከእናቴ አልጋ ጫፍ ተቀመጥኩ። ልክ በሰዓቱ በራ። ቀይ ሆነ። ከዚያ አረንጓዴ፣ ከዚያ ሐምራዊ፣ ከዚያ ስሙን የማላውቀው የሚያሳፍር ቀለም። ቀለሞቹን ሁሉ አንድ ጊዜ እንደምትሞክር ለካ ከደብዳቤው ጋር ባያያዝከው መመሪያ ሁለተኛ ገጽ ላይ ጽፈህ ነበር። አራሚ ነኝ እኮ፤ ካላዘዙኝ ሁለተኛ ገጽ አላነብም። እናቴ ምን እየሆነ ነው አለችኝ። አምፖል እየመረጠ ነው አልኳት። ትንሽ አሰብ አድርጋ፣ «ሚስት ሊያመጣ ነው» አለች፤ ሳህኗንም አጸዳች።

ከዚያ ወዲህ ነጭ ነው፤ በሰዓቱ። አሥራ ሁለት ተኩል ሊሆን ሲል ፀጉሬን አበጥሪልኝ ትላለች። ሲበራ እጇን አንሶላው ላይ ዘርግታ እንደ ባለቤት ታየዋለች። ሰማያዊው ሲመጣ ቴሌቪዥን ያበዛል፣ ዓይኑን ያጠፋል ትላለች። እኔ በዚህ ቤት ውስጥ በደካማ አምፖል ሥር የመድኃኒት ማብራሪያ ወረቀት ሳርም ስድስት ዓመት ዓይኔን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህንን የጻፍኩት ቅሬታ ለማቅረብ አይደለም። ለማን ይቀርባል?

አንድ ነገር ግን ሳልነግርህ ብቀር ግፍ ነው፤ ደስ ብሏት አየኋት። ከዓመት በላይ አይቼው የማላውቀውን ነገር። ትናንት ማታ የዘፈን ግማሽ አንጎራጎረች።

ባየሁት ሰው ሁሉ ዘንድ ጠይቄያለሁ ያልከው አልጣመኝም። ባየሁት ሰው ሁሉ ማለት ማንንም ማለት ነው። ማንን፣ የት፣ መቼ።

እትዬህ


ታኅሣሥ 22

እትዬ፤

ቁጣሽ ይገባሻል። ጥፋቱ የእኔ ነው እንጂ የመብራት ኃይልም፣ የአንቺም፣ የሰሌዳዋም አይደለም።

ትንሹ በየቀኑ እየዘገየ የሚገባው ለምንድን ነው ላልሽው መልሱ ይኸው። ሰሌዳዋ የራሷ ሰዓት የላትም። ኢንተርኔት ያለበት ቤት ቢሆን ከዚያ ጠይቃ ትሞላ ነበር። ከሌለ ግን መብራት ሲጠፋ እሷም ትቆማለች፤ ሲመጣ ከቆመችበት ደቂቃ ትቀጥላለች። ሁለት ሰዓት ቢጠፋባት ለእሷ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ሰፈራችሁ በጨለመ ቁጥር የእሷ ማታ ወደ ኋላ ይሸሻል። ሰኞ አሥራ ሁለት ተኩል የገባው ልጅ እሑድ አራት ሰዓት የገባው፣ ጭራሽ አንድ ቀን ጠዋት ቁርስ ላይ «የመጣው» በዚህ ነው። እኔ ሱቄ ውስጥ ኢንተርኔት ስለማይጠፋብኝ ይህ ትዝ አላለኝም። ሃያ ዓመት የሰው ዕቃ የጠገነ ሰው እንዲህ ያለ ነገር መርሳቱ ነውር ነው።

የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ሰዓት ልኬልሻለሁ። የራሷ ባትሪ አላት። ሰሌዳዋ ዳር ካሉት የብረት እሾሆች አራቱ ላይ ትሰካለች፤ ሥዕሉን ከዚህ ወረቀት ጀርባ አድርጌዋለሁ። በዚሁ ፖስታ አዲስ ካርድም አለ። በዚህኛው እሑድ እሑድ ያመሻል፤ አራት ሰዓት ድረስ። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እንዲያ ቢሆን ይሻላል ብዬ ነው።

እማማ መብላታቸውን የጻፍሽውን ሳነብ ሥራ ላይ ነበርኩ። መበየጃውን አስቀምጬ ትንሽ ወጣ ብዬ ተመለስኩ።

ስለ ሌላው ጉዳይ በዚህ ደብዳቤ አልጽፍም። ወረቀቱ አለቀብኝ።

ፈታታው


ጥር 10

ለፈታታው፤

ወረቀቱ አለቀብኝ ብለህ ከሥሩ አራት ጣት ባዶ ትተሃል። ባዶ ቦታ ማየት ሙያዬ ነው።

ሰዓቷን ሰክቻታለሁ፤ እንደ ሥዕልህ። አሁን መብራት ቢጠፋም በቦታዋ ናት። ነገር ግን ሰዓቷ ከመድረሷ በፊት ፍርዱ አልቆ ነበር። እናቴ ይጠጣል ብላ ፈርዳለች። «አባቱም እንዲህ ነበር የጀመረው» አለችኝ። አባቴ በሕይወቱ አንድ ጊዜ ቢራ ቀምሶ ሁለት ቀን የተኛ ሰው ነው። አፈር ከለበሰ ከአሥራ አምስት ዓመት በኋላ በአንተ ሰሌዳ ምክንያት ሰካራም ሆነ።

አዲሱን ካርድ ስከት ወዲያው ተስተካከለ። በሰዓቱ ይገባል፣ በሰዓቱ ይተኛል። አንድ ሳምንት ዝም ብላ ቆጠረችው። በስምንተኛው ቀን ተወው አለች፤ ልጄ ተመለሰልኝ አለች። ደስ አለን። በዘጠነኛው ቀን ጥያቄው መጣ። እንዴት ሳናስበው እንደቀረን እስካሁን ይገርመኛል፤ ሁለታችንም ደህና የተማርን ሰዎች ነን። «ካልሰከረ፣ እኔን ለማየት ለምን አይመጣም?»

ድሮ የማይመጣው ሩቅ ስለነበር ነው። ሩቅ ያለ ልጅ ይናፈቃል፤ ለእሱ ዕቃ ይቀመጥለታል፤ በሰው ፊት ስሙ ይነሣል። እኛ ሃያ ሁለት እርምጃ ላይ አምጥተን አስቀመጥነው። ሃያ ሁለት እርምጃ ላይ ሆኖ እናቱን ሳያይ የሚተኛ ልጅ ምን እንደሚባል መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ።

ሳል ይዞታል አልኳት። ወደ አንቺ እንዳያጋባ ሐኪም ከልክሎታል። ሽሮፕ ላከችለት፤ ይዤ ሄጄ መታጠቢያው ላይ ደፋሁት፣ ማንኪያውን አቆሽሼ መለስኩላት። ሁለት ቀን ሠራ። ትናንት ጆሮዋን ወደ መስኮቱ አድርጋ ቆይታ፣ ሲስል አልሰማሁትም አለች።

እዚህ ላይ ምን እንደምጠይቅህ ታውቃለህ። ይህን መጻፌ እኔንም ያሳፍረኛል፤ ግን መብራት ማብራት የቻለች ሰሌዳ መሳል አያቅታትም።

እትዬህ


ጥር 29

እትዬ፤

አያቅታትም። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ልኬያለሁ፤ የሚሰካበት ቀዳዳ ክቡ ነው። ካርዱ ላይ አሥራ ሁለት ዓይነት ሳል አለ። በቀን አምስት ጊዜ፣ ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሦስት። አንዱ ሲደጋገም እንዳይታወቅ እያፈራረቀ ያሰማል።

የማንን ሳል እንደምቀዳ ጠይቀሽኛል። መጀመሪያ ከሱቄ ቀጥሎ ያለውን ልብስ ሰፊ ለመንኩት፤ ጥሩ ሳል አለው፣ ግን የሰባ ዓመት ሳል ነው። ራሴ ሳልኩት። አርባ ጊዜ ያህል ስዬ አሥራ ሁለቱን መረጥኩ። ደንበኞች ገብተው ወጡ። አንዲት ሴትዮ ቴሌቪዥኗን ሳታሠራ ይዛ ተመለሰች።

ለእማማ የማይሆን ነገር እየሠራን እንደሆነ ይሰማኛል። አንቺ ግን አጠገባቸው ነሽና አንቺ ያልሽውን አደርጋለሁ።

ሌላም ይቅርታ የምጠይቅሽ ነገር አለ። በዚህ ደብዳቤ አይደለም። ወረቀት አለኝ፤ አላለቀም። አልቻልኩም ማለት ነው።

ፈታታው


የካቲት 17

ለፈታታው፤

ሠራ ወይ ብለሃል። አጥርቶ ሠራ። እስከ እናቴ አልጋ ድረስ ይሰማል።

በመጀመሪያው ጠዋት ሁለቴ ሳለ። እናቴ አንገቷን ቀና አደረገች። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር ስም ልሰጠው ስል ዘጋችው። ማታ ሦስት ጊዜ ሳለ። ከሦስተኛው በኋላ፣ «ይሄ የፈታታው ሳል ነው» አለች።

አይደለም እማዬ አልኳት። «ልጄ፣ በዚህ ቤት ኩፍኝ ያወጣው እሱ፣ ትክትክ የያዘው እሱ፣ ስንት ሌሊት ደረቴ ላይ ይዤው የተቀመጥኩት እኔ፣ አሁን አንቺ ሳሉን ታስተምሪኛለሽ?» አለችኝ። ሳልህን ከሠላሳ ዓመት በኋላ በሃያ ሁለት እርምጃ ርቀት፣ በግድግዳ ማዶ ለየችው። የመጨረሻውን የእግዜር ፍርድ ለእሷ ቢሰጧት ያለ ምስክር ትጨርሰው ነበር።

ስለዚህ አሁን አንተም መጥተሃል። ሁለታችሁ ማዶ አብራችሁ ተቀምጣችሁ ቴሌቪዥን ታያላችሁ። ሁለታችሁም ሳታዩዋት ትተኛላችሁ። «ፈታታውም?» አለች። በማግስቱ አልጋዬን አዙሪልኝ አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አድርጌ አዞርኩት። ምግቡን እንደ በፊቱ፣ ሁለት ማንኪያ። ማታ ማታ ግን «በርቷል?» ትለኛለች፤ በርቷል እላታለሁ። ይኸው ነው የምንነጋገረው።

ድምፅ ማጉያውን ነቅያለሁ። መብራቱን መንቀል አልቻልኩም፤ በርቷል ስላት ቢያንስ እሱ እውነት ይሁን ብዬ ነው።

አሁን ወደ ጉዳዬ። ከጥቅምት ጀምሮ በጻፍኩልህ ደብዳቤ ሁሉ የጠየቅሁህ አንድ ነገር ነው። አንተ ስለ ሰዓት፣ ስለ ካርድ፣ ስለ ሳል ሦስት ሦስት ገጽ ጽፈህ እዚህች ላይ ስትደርስ ወረቀት ያልቅብሃል። ሞቷል ብለህ ብትጽፍልኝ እችለዋለሁ። ተዘጋጅቼበታለሁ፤ ለእናቴ የምናገረውን ሳይቀር አርሜ ጨርሻለሁ። አለ ወይስ የለም። በአንድ ቃል።

እትዬህ


መጋቢት 4

እትዬ፤

አለ።

ያገኘሁት ታኅሣሥ 6 ቀን ነው። ከሱቄ በአውቶቡስ ሦስት ፌርማታ ነው። የቤት ዕቃ መጋዘን ውስጥ ኃላፊ ነው፤ ሰማያዊ ካፖርት ይለብሳል፣ ጆሮው ላይ እስክሪብቶ ይሰካል። አልታመመም፣ አልታሰረም፣ የሸሸው ሰው የለም። ምክንያት እንዲኖረው ፈልጌ አጥብቄ ጠየቅሁት። «በመጀመሪያ አንድ ወር ሳልደውል ቀረሁ» አለኝ። «ከዚያ ስደውል የምናገረውን ሰበብ ማዘጋጀት ነበረብኝ። ሳዘጋጅ ስድስት ወር ሆነ፤ ሰበቡ አነሰ። ሌላ ትልቅ ሰበብ ስፈልግ ይኸው።» ይህ ብቻ ነው፣ እትዬ። ሌላ የለውም።

አሁን የራሴን ልናገር። ያን ዕለት ስለ እማማ ስነግረው ደነገጠ። ለጥር ሁለት ሳምንት ፈቃድ አስፈቅዶ እንደነበር ነገረኝ፤ ወረቀቱን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። ሊመጣ ነበር። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ይመጣ ነበር። እኔ ግን ስለ መብራቱ አወራሁለት። ሳቀ። «ይሠራል?» አለኝ።

እኔ በዕድሜዬ ሠርቼ የኮራሁበት ነገር ጥቂት ነው፤ የሰው ሥራ ነው የምጠግነው። እንዴታ፣ በደንብ ነው የሚሠራው አልኩት። ደስ ብሏቸዋል፣ ሳህናቸውን ያጸዳሉ አልኩት። የካርቶን ክዳን ላይ ሰዓቱን እየሣልኩ አሳየሁት። ቀለሙን ጠየቀኝ። ሲተኛ ስንት ሰዓት አደረግኸኝ አለኝ። ከዚያ ሥዕሉን እያየ፣ «እንግዲያው እኔ ብሄድ ማበላሸት ነው» አለ። «እኔ ብሄድ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ። ይሄ አይመለስም።» ፈቃዱን ለባልደረባው ለቀቀለት። ስንለያይ ጠራኝና እሑድ እሑድ አምሽቼ ነው የምተኛው፣ አስተካክለው አለኝ። አስተካከልኩት። የታኅሣሡ ካርድ ያ ነው።

የመጨረሻ ደብዳቤሽን ወስጄ አስነበብኩት። ሳሉ ጋ ሲደርስ ሳቀ። ስለ አልጋው መዞር ሲያነብ አልሳቀም። አጥፎ መለሰልኝ፤ እሄዳለሁ አላለም። ትናንት ደግሞ ሄጄ ለምኜው ነበር። አሁን ምን ብዬ እገባለሁ አለኝ፤ ማዶ ነበርኩ ልበል?

እጅ ሠርተህ ላክልኝ አልሽኝ፤ የላክሁት ግን እሱን ከመምጣት ያሰናበተውን ወረቀት ነው። ለእሱ ነው የሠራሁለት። ምን እንደምትዪኝ አላውቅም፤ የምትዪኝን ግን እቀበላለሁ።

ፈታታው


ሚያዝያ 6

ለፈታታው፤

ልምጣ ወይ ብለሃል። አትምጣ፤ ቀብረናታል። ያረፈችው መጋቢት 21 ቀን ጠዋት ነው። ያልደወልኩልህ ስላዘንኩብህ ሳይሆን የማደርገው ስለጠፋኝ ነው። የሚያዝያው ካርድህ በበነጋታው ደረሰ፤ ከፖስታው አላወጣሁትም።

በመጨረሻ ምን አለች ብለህ ጠይቀሃል፤ ስለ አንተ ያለችው ካለ ለማወቅ መሆኑ ይገባኛል። ስለ አንተ ምንም አላለችም። ቅድስት እንድትመስልህ ብዬ አልዋሽህም። የነበረንን ውሸት ጨርሰናል።

መጋቢት 19 አመሻሹ ላይ እንደ ልማዷ «በርቷል?» አለችኝ። በርቷል አልኳት። ሂጂና ጥሪው አለች። አንድ ጊዜ ብቻ ጥሪው፤ እምቢ ካለ አትለምኚው አለች።

«አለ» ያልክበት ደብዳቤህ ከደረሰኝ አምስተኛ ቀኑ ነበር። ኪሴ ውስጥ ነበር። ነጠላ ጫማዬን አድርጌ ግቢውን ተሻገርኩ። የሌለ ሰው ለመጥራት ግቢ መሻገር ምን እንደሚመስል የነገረኝ መጽሐፍ የለም። በጓሮ ዞሬ ገባሁ። ጥብጣብህ ጣሪያው ሥር ዙሪያውን በርቷል። አልጋው እንደተነጠፈ ነው፤ ጫፉ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል ልቆይ? ሰው ተጠርቶ እምቢ እስኪል ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ቶሎ ብመለስ አልጠራሽውም ትለኛለች፤ ብቆይ ተስፋ ታደርጋለች። በመጋረጃው ክፍተት ወደ ቤታችን አየሁ። የእናቴ መስኮት ጨለማ ነው። ለእሷ ሳላበራላት ነበር የወጣሁት። በእነዚህ ሁሉ ወራት ከማዶው ሆኜ ወደ እሷ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

ተመለስኩና በመጀመሪያ የእሷን መብራት አበራሁ። ከዚያ፣ «አልመጣም አለ» አልኳት።

እውነቱን ብትሰማ ይገድላታል ብዬ ከመስከረም ጀምሮ ይህን ሁሉ ሽቦ ዘርግቻለሁ። አልገደላትም። እኔ የምትለው ምን ይሆን ብዬ እጄን በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ፤ እርግማን ቢሆን ልቀበልለት፣ ለቅሶ ቢሆን አብሬያት ላለቅስ።

«ከስቷል?» አለችኝ።

ስድስት ዓመት ያላየሁት ሰው ነው። አልከሳም አልኳት፤ እንዲያውም ወፍሯል። እሰይ አለች። ከዚያ በኋላ በነበራት አንድ ቀን ተኩል ስለ መብራቱ አልጠየቀችኝም።

ለትንሹ አንተ ንገረው። ሞተች በለው፤ ቀኑንም ንገረው፤ አልጋዋ ወደየት ዞሮ እንደነበረ ደብዳቤው ላይ አንብቧል። «ከስቷል?» ማለቷን ግን እንዳትነግረው። ይህችን ከሰማ ይቅር የተባለ ይመስለዋል። እሷ ይቅር ብላው ይሆናል። እሷ የለችም፤ የቀረሁት እኔ ነኝ።

እትዬህ